የልጃችን ክፍል ሙቀት

ባለቤቴ መብራት ሳያጠፋ ከክፍል ወጥቶ አያውቅም። ኦስሎ ከተማ፣ ሆልምሊያ በሚባል ሰፈር ውስጥ በመደዳ ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ስንኖር፣ ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ እንኳ መብራቱን ያጠፋብኝ ነበር። «ውይ፣ አለሽ እንዴ?» ይላል፣ ተመልሶ እያበራ። የሚሠራው ብሪን በሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ጭነት ሲያነሳ ውሎ ይመጣና ጫማውን እንዳወለቀ በየክፍሉ እየዞረ ማሞቂያዎቹን በእጁ ይዳስሳል። ሰው በሌለበት ክፍል የሞቀ ካገኘ ይቀንሰዋል። ስስታም ሆኖ አይደለም። ከእህትና ወንድሞቹ ሁሉ ጋር አንድ አምፖል ሥር ተኮልኩሎ ሲያጠና ነው ያደገው። የሚባክን ነገር ሲያይ ያመዋል።

የነበረችን አንድ ልጅ ናት። እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰችበት ሰኔ የደም ካንሰር እንዳለባት ሐኪሞች ነገሩን። የእኛ ሚሊኒየም ከተከበረ ብዙ አልቆየም ነበር። በሽታው ያላመጣባት ነገር የለም፤ እሷ ግን ከሁሉ አብዝታ የምታማርረው ብርዱን ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ፈረንጁ ገላውን ገልጦ ሣር ላይ ሲጋደም፣ እሷ ካልሲ ደራርባ ትንቀጠቀጣለች።

ክፍሏ መስኮቱ ሥር አሮጌ ፓነሎቭን ነበረው፤ እዚህ አገር በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለት ነው። አባቷ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ያ በየክፍሉ እየዞረ የሚቀንስ ሰው፣ አሁን ከሥራ ሲመጣ እጁን ማሞቂያው ላይ አሳርፎ በደንብ መጋሉን ሳያረጋግጥ አረፍ አይልም ነበር።

«አባዬ፣ ናይ፣ ይበቃል» ትለዋለች እየሳቀች፣ እንደ ልማዷ ኖርዌይኛ እየቀላቀለች፣ «ስትረሙን ጨረስኩብህ እኮ።»

«ይለቅ! ይለቅ ልጄ! ኤሌክትሪኩ ለመቼ ነው? አንቺ ብቻ ሙቂልኝ።»

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች።

አስከሬኗን ወደ አገር እንውሰድ ወይስ እዚህ ትቀበር ሲባል፣ እዚህ ትሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ይዤ እሄድላታለሁ ብዬ ነው። ባለቤቴ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ለቅሶ ደራሹ ከትቬይታም ከየሰፈሩም መጣ። ከአጠገባችን ያለው ቤት ውስጥ የሚኖሩት ኤርትራዊት አሮጊት ደግሞ ቀን አልዘለሉም። ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው፤ እስላም ናቸው፤ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ኖረው ስለነበር አማርኛ በትግርኛ ለዛ ይናገራሉ። እኔ በቋንቋቸው «አደይ»፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ይመጡና ሳይናገሩ አጠገቤ ይቀመጣሉ።

አርባዋ እንደወጣ ባለቤቴ የክፍሏን በር ዘጋ። አልቆለፈውም። ግን ዘግቶት ሲመለስ ፊቱን አይቼ፣ እንደተቆለፈ ያህል ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ስሟን አልጠራም። እኔ ስጠራት ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል።

ያ ዓመት ብርዱ የከፋ ነበር። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን የሚያነበው ነዋሪው ራሱ ስለነበር፣ ጥር ላይ ኮሪደር ያለውን ሳጥን ከፍቼ አየሁት። ካምናው በልጧል። እንዴት ይሆናል? የሰው ቁጥር ቀንሷል፤ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሰን ነው የምንቀመጠው፤ ባለቤቴ እንደ ልማዱ መብራት እያጠፋ ይከተለኛል። ቆጣሪው ተበላሽቷል ብዬ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን፣ ባርነሃገ ከሚሉት፣ ከምሠራበት የሕፃናት መዋያ፣ ልጆቹ ጉንፋን አስይዘውኝ ከቀትር በኋላ ቀደም ብዬ ወደ ቤት መጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ኮቴን ስሰቅል፣ በካልሲዬ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ እግሬ ግን ሞቀኝ። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሙቀቱ የሚመጣው በልጄ በር ሥር ነበር።

ከአርባዋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው፤ መጽሐፎቿ እንዳሉ ናቸው። ማሞቂያውን ብነካው እጄን አቃጠለኝ። መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ዞሯል። ሽታዋም አለ። የፀጉሯ ቅባት፣ የእጅ ክሬሟ፣ ከእነዚያ በታች ደግሞ ሕፃን ሆና አንገቷ ሥር ስስማት የማውቀው የራሷ ሽታ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም።

ባለቤቴ ሲመጣ ወጥ ቤት ጠበቅኩት።

«የልጅቷ ክፍል ማሞቂያ በርቷል» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አንተ ነህ?»

«ሌላ ማን ይሆናል?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። «ቅዳሜ አይተሽዋል አይደል መቃብሩን? መሬቱ ድንጋይ ሆኗል። አበባውን ያስቀመጥሽበት በረዶ በእግሬ ብመታው አልሰበር አለኝ። እሷ ብርድ አትችልም። እዚያ አስተኝቻት መጥቼ፣ አልጋዋን ደግሞ ላቀዝቅዘው?»

ከፊቱ ያለውን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ትቀበር ስላልሽ አይደለም» አለ። «አልወቅስሽም። ብቻ ያንን ማሞቂያ ማጥፋት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ።» ከዚያ «በሩን ግን ቶሎ ቶሎ አትክፈችው» አለኝ። «ሽታዋ ይወጣል።»

ተነስቼ ሾርባ አሞቅኩለት። ግማሹን በላ።

አደይ ቤት ልጆቻቸው ቫርመፑምፔ አስገብተውላቸው ነበር። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ይህን የሙቀት ፓምፕ የሚያስገባበት ወቅት ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ በውጭ በኩል ማራገቢያ ያለው ሳጥን ይታይ ጀመር። አንድ እሑድ ሻይ ሲጠሩን ሄድን። እውነትም ሳሎናቸው ይሞቃል። ከግድግዳው ላይ ረዘም ያለ ነጭ ነገር ቀስ ብሎ ይነፍሳል።

«እኔም አላመንኩም ነበር ጓለይ» አሉ አደይ። «ይኼ ነገር ኤሌክትሪክ አይበላም። እንደ ድሮው ግማሹን እንኳ አይበላም ይሉኛል ልጆቼ።»

ባለቤቴ ሥሩ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ብዙ ጊዜ ቆየ። ወደ ቤት ስንመለስ በበረዶው ላይ እየተራመደ፣ «ሳሎኑን በዚህ ካሞቅነው እኮ» አለ፣ «የሷን ክፍል ማሞቂያ ማጥፋት አያስፈልገንም። ከዚህ ያተረፍነውን እዚያ እናውለዋለን።» ከቀብሩ ወዲህ ስለሚመጣ ነገር ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሺ አልኩት።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሊተክልልን የመጣው ወጣት፣ ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ትቬይታ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነበር። እዚህ የተወለዱት «እርስዎ» ማለት አይሆንላቸውም፤ ባለቤቴን «ጋሼ» ይልና በዚያው አፉ «አንተ» ይለዋል። ከአፉ ፈገግታ የማይጠፋ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ግድግዳውን ቦርቡሮ ቱቦውን አሳለፈ፣ ውጭ ያለውን ሳጥን አሰረ፣ ከዚያ ከባለቤቴ ጋር ቆመው አበሩት።

«እንዲህ ባለ ብርድ ሙቀቱን ከየት ነው የሚያመጣው?» አለ ባለቤቴ።

«ከውጭ ነዋ! ከዚያው ከብርዱ» አለ ልጁ። «ሙቀት አይሠራም ጋሼ፣ ያመጣል እንጂ። ለአንተ ብርድ ነው፤ ግን አየሩ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ሙቀት አለ። ማሽኑ እሱን ይለቅምና ጨምቆ በዚህ ቱቦ ያስገባልሃል። ፍሪጅ ከጀርባው አይሞቅም? ያው ነው፣ ተገልብጦ። ፓነሎቭን ኤሌክትሪኩን ራሱን ነው የሚያቃጥለው። ይሄ ግን ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለማጓጓዝ ብቻ ነው። ለዚያ ነው የሚቆጥበው።»

ባለቤቴ እንደ ተማሪ ሰማው። ልጁም ደስ ብሎት አያያዙን ይነግረው ጀመር። ማብራት ማጥፋት የለም፤ አንድ ሙቀት ላይ አድርጎ መተው ነው። በረዶ ሲጥል ውጭ ያለውን ሳጥን መጥረግ፣ የውስጡን ፊልተር በየጊዜው አውጥቶ ማጠብ።

«ዋናው ደግሞ በሮቹ» አለ። «በሮቹ ሁሉ ክፍት መሆን አለባቸው። አለዚያ ሳሎን ብቻ ሞቆ ሌላው ይቀዘቅዛል፤ በሌላው ክፍል ደግሞ ማሞቂያ ካበራህ፣ ያተረፍከውን መልሰህ አቃጠልከው ማለት ነው።» እንዲህ እያለ በኮሪደሩ ሄደ። የመኝታ ቤታችንን በር ከፈተው። የወጥ ቤቱን ከፈተው። ከዚያ እጁን የልጃችን በር እጀታ ላይ አደረገ።

«ይሄን ለምን ዘጋኸው ጋሼ? ዕቃ ቤት ነው?»

«አትክፈተው!»

ባለቤቴ ጮኸ። ከትዳራችን ጀምሮ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ልጁ ደንግጦ እጁን አነሳ።

«የልጃችን ክፍል ነው» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ለዘብ አለ። «ኦ! ተኝታ ነው? ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሁለታችንም አላረምነውም። ልጁ ከዚያ በኋላ የቀረውን ሥራ በእግር ጣቱ እየተራመደ፣ በሹክሹክታ እያወራ ጨረሰ። መሰርሰሪያውን እንኳ ወደ መኪናው ሲወስድ እንደ እንቁላል ተሸክሞ ነው። በራፍ ላይ ቆሞ፣ «በቃ፣ ስትነሳ ክፈቱላት» ብሎን ሄደ።

ባለቤቴ ሳሎን ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። አዲሱ ማሽን ይነፍሳል። እኔ ወለሉ ላይ የቀረውን የግድግዳ አቧራ መጥረግ ጀመርኩ።

በሩ እንደተዘጋ ሰነበተ። ሳሎኑ ሞቀ፣ ጋቢያችንን አወለቅን፤ የሷ ክፍል ማሞቂያም ለብቻው ይነድዳል። ባለቤቴ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ወጥቶ ከውጭው ሳጥን ላይ በረዶ ይጠርጋል፣ ከዚያ ገብቶ በሩን ጠበብ አድርጎ ከፍቶ ሾልኮ ይገባና ማሞቂያውን ነክቶ ይወጣል። አንድም ቀን አላስተጓጎለም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አደይ ዘንድ ገብቼ ሁሉን ነገርኳቸው። በሩን፣ ማሞቂያውን፣ ልጁ «ተኝታ ነው?» ማለቱን። እስክጨርስ ሰሙኝ። ሻይዬን ጨመሩልኝ።

«የበኩር ልጄ በጦርነቱ ነው የቀረው» አሉ። ልጅ እንደሞተባቸው እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። «የት እንደወደቀ ያየ ሰው የለም። ልብሱም አልመጣልኝም። ያን ጊዜ ሱዳን ነበርን፤ የምንኖረው ሸራ ጎጆ ውስጥ ነው። ጓለይ፣ እኔ የምዘጋው በር እንኳ አልነበረኝም።» ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። «ባልሽን ተይው። ባይኖረኝ ነው እንጂ፣ ቢኖረኝ እኔም እዘጋው ነበር።»

ለባለቤቴ ይህን አልነገርኩትም። የሚነገርም አልመሰለኝ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላዬን ሳጥፍ፣ ባለቤቴ ከክፍሏ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እስቲ ነይ» አለኝ። «ግቢና አሽትቺው።»

ገባሁ። ሙቀቱ እንደ በፊቱ ፊቴን መታኝ። የሸተተኝ ግን የተቃጠለ አቧራና የጋለ ብረት ነበር። አየሩ ደርቆ ጉሮሮ ይከረክራል። ትራሷን አንስቼ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ያው የማሞቂያ ሽታ ነው። ቁም ሣጥኗን ከፍቼ ሹራቦቿን አንድ በአንድ ሳብኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል።

«አለ?» አለኝ።

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። «የለም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ይሆን?» አለ። «በየቀኑ እየገባሁ አላወቅኩም። ትናንት ያለ መስሎኝ ነበር።» ወደ መስኮቱ ሄዶ ተንበረከከ። የአሮጌው ማሞቂያ ፍርግርግ ጠቁሯል። አምስት ወር ሙሉ ሲነድ፣ ያንን ትንሽ ክፍል አድርቆ ያለውን ሁሉ ለብልቦታል። «በር ዘግቼ ያስቀመጥኩላት መስሎኝ፣ ራሴ አቃጠልኩት» አለ። ከዚያ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ መለሰው። ሲጠፋ ብረቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ቆየ።

ሲወጣ በሩን አልዘጋውም። ጥቂት ቆሞ አየውና፣ በራሱ እንዳይዘጋ የልጃችንን የበረዶ ቦት ጫማ ከኮሪደሩ አምጥቶ ደገፈበት።

ክፍሉ መጀመሪያ ቀዘቀዘ። እስከ ማታ ድረስ ከሳሎኑ ቀስ እያለ ሙቀቱ ገባበት። እንደ ድሮው ትኩሳት አልነበረም፤ ለዘብ ያለ፣ ቤቱ ሁሉ የሚካፈለው ዓይነት ነው። ባለቤቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ቆጣሪውን ሳነበው በጣም ቀንሶ ነበር። ነገርኩት፤ «ጥሩ» አለ። ቁጠባ ነፍሱ የነበረ ሰው፣ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ግንቦት ሲገባ ፀሐይዋ በረታችና ማሽኑን አጠፋው። ለወራት ከጆሯችን ያልጠፋው እስትንፋስ መሳይ ድምፅ ሲቆም ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ መክደኛውን ከፍቶ ፊልተሩን አወጣና ሊያጥበው መታጠቢያ ቤት ገባ። የውሃ ድምፅ ስጠብቅ አልሰማሁም። ሄጄ ሳይ፣ ፊልተሩን በሁለት እጁ ይዞ መስኮቱ ሥር ቆሟል።

ፊልተሩ ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሯል። ግራጫው መሐል ግን ሐምራዊ ብናኝ ነበር፤ የሱፍ ብናኝ። ልጃችን በመጨረሻዎቹ ወራት ከትከሻዋ የማታወርደው ሐምራዊ የሱፍ ብርድ ልብስ ነበረቻት፤ አልጋዋ ላይ ታጥፋ ነበር። በሩ ከተከፈተ ወዲህ ማሽኑ የቤቱን አየር ሲያዞር ከሷ እየለቀመ ኖሯል።

«ይኼን እንዴት አጥባለሁ?» አለኝ።

እናም አለቀሰ። በቀብሩ ቀን ያላለቀሰ ሰው ነው። ወንዶቹ ሲያቅፉት፣ ሴቶቹ ሲያስለቅሱት፣ ዓይኑ ደርቆ የቆመ ሰው ነው። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠና ፊልተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ስሟን ጠራት። ደጋግሞ ጠራት። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው ጠራኋት።

«ስጠኝ፣ እኔ ልጠበው» አልኩት በኋላ።

«አይ። እኔ አጥበዋለሁ።»

ሐምራዊውን ብናኝ በጣቶቹ ለቅሞ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። የቀረውን በለብታ ውሃ አጠበና ፀሐይ ላይ አሰጣው።

ከዚያ ወዲያ ስለሷ ማውራት ጀመረ። እራት ላይ፣ ባቡር ውስጥ፣ ዝም ብሎ ድንገት። ስትናደድ እንዴት በኖርዌይኛ ብቻ እንደምትናገር፣ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ቦርሳዋን ረስታ እንዴት ይዞላት እንደሮጠ። እኔ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መልኳ በፎቶ አለ፤ ድምፅዋ ስልኬ ውስጥ አለ። ሽታዋን ግን ላስታውስ ስሞክር አይመጣልኝም። የት ተቀምጦ ይገኛል?

ሙት ዓመቷን ስናወጣ ቤቱ ሰው ሞላ። ዳቦውን ስቆርጥ፣ አንዲት ወጣት እናት የተኛ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጫጫታውን ሽሽት ዓይኗን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ አየኋት። እኔ ምንም ከማለቴ በፊት ባለቤቴ ተነሳ።

«ነይ በዚህ» አላት። ወደ ልጃችን ክፍል መራት። «አልጋው ላይ አስተኚው። ግድግዳውን ይዞ ይተኛ፣ እንዳይወድቅ።»

ከወጥ ቤት ሆኜ ይታየኛል። ሕፃኑን አስተኝታ ስትወጣ፣ ባለቤቴ ቆየት ብሎ ትንሹን እግሩን በእጁ ጨበጥ አድርጎ መሞቁን አየ። ከዚያ ወጥቶ ከእንግዶቹ መሐል ተቀመጠ። አደይ ሻይ አቀበሉት። እኔም ዳቦውን ይዤ ገባሁ።